የስም ጥሪና የሥራ ፈቃድ፦ ልጆች በሚሰበሰቡበት ቦታ ሁሉ

ልጆችን ከወላጆቻቸው ዓይን አርቆ አንድ ቦታ የሚሰበስብ ተቋም፣ ትምህርት ቤትም ይሁን የክረምት ካምፕ ወይም ማሠልጠኛ፣ ከሁለት ጥያቄዎች አያመልጥም። አንደኛው በሩን ከመክፈቱ በፊት ይመጣል፤ ልጆችን እንዲይዝ ማን ፈቀደለት? ሁለተኛው ዓመቱ ሲያልቅ ይመጣል፤ ስንት ልጅ መጣ፣ ስንቱ ቆየ፣ ስንቱ ጠፋ? የመጀመሪያው መልስ የሥራ ፈቃድ ነው፤ የሁለተኛው ደግሞ ዓመታዊ የተሳትፎ ሪፖርት። ሁለቱ የተለያዩ ቢሮዎች ጉዳይ ይመስላሉ፤ በሥራ ላይ ግን አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። ፈቃድ ሲታደስ የሚታየው ሪፖርት ነው፤ ሪፖርት የመጠየቅ ሥልጣንም የሚመነጨው ከፈቃዱ ነው።

የሕግ መሠረቱ በደንብ የታወቀ ነው። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 3 ልጆችን የሚይዙ ተቋማት በሚመለከተው አካል የወጣውን መመዘኛ እንዲያሟሉ መንግሥታትን ያስገድዳል። በተለይ ደኅንነትን፣ ጤናን፣ የሠራተኞችን ብዛትና ብቃት እንዲሁም ቁጥጥርን በስም ይጠቅሳል። አፈጻጸሙን ግን እያንዳንዱ አገር በራሱ መንገድ ቀርጾታል። በፈረንሳይ 7 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ልጆችን ለእረፍት ወስዶ ከሦስት ሌሊት በላይ የሚያሳድር ሰው አስቀድሞ ለመንግሥት ማሳወቅ ግዴታው ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1993 ላይም ቤይ በሚባል የባሕር ዳርቻ 4 ወጣቶች በታንኳ ጉዞ ላይ ሕይወታቸው ካለፈ በኋላ፣ በ1995 በወጣ ሕግ ወጣቶችን ለጀብዱ ስፖርት የሚያሰማሩ ማዕከላት ፈቃድ እንዲያወጡ ተደረገ። እንዲህ ያሉ ሕጎች ብዙውን ጊዜ ከለቅሶ በኋላ ነው የሚጻፉት።

ፈቃድ ብቻውን የማይበቃ መሆኑን በቅርቡ ያሳየው የአሜሪካዋ ቴክሳስ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 ሌሊት የጓዳሉፔ ወንዝ ሞልቶ ካምፕ ሚስቲክ የተባለውን የሴት ልጆች የክረምት ካምፕ ሲያጥለቀልቅ 27 ልጆችና ወጣት ተንከባካቢዎች ሞቱ። የግዛቱ ተቆጣጣሪዎች ከሁለት ቀን በፊት ካምፑን ጎብኝተው የአደጋ ጊዜ ዕቅድ እንዳለው መዝግበው ነበር። ወረቀቱ ሙሉ ነበር፤ የመኝታ ቤቶቹ ግን ከወንዙ ዳር ነበሩ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የወጣው አዲስ ሕግ፣ ጎርፍ በሚደርስበት ቦታ ልጆችን የሚያሳድር ካምፕ ፈቃድ እንዳያገኝ ከለከለ። ከዚህ የሚታየው ነገር ተቆጣጣሪ የሚያገኘው ቅጹ የጠየቀውን ብቻ መሆኑ ነው።

በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ፣ በውጭ አገር ፊልም እንደሚታየው ዓይነት ድንኳን የተተከለበት የክረምት ካምፕ የተለመደ አይደለም። ልጆች በብዛት የሚሰበሰቡት ሌላ ቦታ ነው፤ በትምህርት ቤት፣ በአብነት ጉባኤ ቤት፣ በመድረሳ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በወጣት ማዕከል፣ በክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት። ፈቃዱም ሪፖርቱም እንደ ሰብሳቢው ማንነት ይለያያል። ሰብሳቢው ነጋዴ ከሆነ ንግድ ፈቃድ ያወጣል፤ በየዓመቱም ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ያለ ቅጣት ያሳድሳል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ተመዝግቦ፣ የበጀት ዓመቱ ባለቀ በሦስት ወር ውስጥ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ያቀርባል፤ የአስተዳደር ወጪውም ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠበቅበታል። የሃይማኖት ተቋም ከሆነ ይህ አዋጅ አይመለከተውም። እንግዲህ ጉዳዩን የሚወስነው የልጆቹ ብዛት ወይም ማደራቸው ሳይሆን የአዘጋጁ ዓይነት ነው ማለት ነው። ይህ ከልጆቹ ጎን ሲታይ ትንሽ ግራ ያጋባል፤ ሃያ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ማሳደር የሚያስከትለው አደጋ በአዘጋጁ ማኅተም አይለወጥም።

ከነዚህ ሁሉ ወረቀቱ በደንብ የተደራጀው ትምህርት ቤት ነው። የግል ትምህርት ቤት ሊከፍት የፈለገ ሰው አስቀድሞ ቦታውንና ሕንፃውን ያስፈትሻል፣ የመምህራኑን ማስረጃ ያቀርባል፣ ከዚያ የዕውቅና ፈቃድ ያገኛል፤ ጊዜው ሲደርስም ያሳድሳል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን ሕዝብና ወረዳ ተነጋግረው ይከፍቱታል እንጂ እንደ ግሉ ፈቃድ አያሳድስም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክሽን ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የተዘረጋው ይህ አሠራር በ26 ስታንዳርዶች ይመዝናል፤ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 በመቶ ይይዛሉ። ድምሩ ከ50 በመቶ በታች የሆነ ትምህርት ቤት ደረጃ 1 ይባላል፤ እስከ 70 ያለው ደረጃ 2፣ እስከ 90 ያለው ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ 4። የአገሪቱ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ደረጃ 1 እና 2 ላይ ናቸው። እዚህ ላይ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። ከመመዘኛ በታች የሆነ የግል ትምህርት ቤት ዝጋ ሊባል ይችላል፤ ከመመዘኛ በታች የሆነ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን የማሻሻያ ዕቅድ አዘጋጅ ይባላል። ሌላ ምርጫ የለም፤ የስናን ወይም የአነደድ ወረዳ የገጠር ልጅ ያ ትምህርት ቤት ቢዘጋበት የሚሄድበት ሁለተኛ የለውም።

የተሳትፎ ሪፖርት የሚጀምረው ከሪፖርቱ ቅጽ ሳይሆን ከክፍሉ ስም መጥሪያ ነው። የክፍል ኃላፊው መምህር በጠዋት ስም ይጠራል፤ ተማሪው «አቤት» ይላል፤ ዝም ያለው ስም አጠገብ ምልክት ይደረጋል። በፈቃድ የቀረው ዝም ብሎ ከቀረው ይለያል። ስድሳና ሰባ ልጅ በተጨናነቀበት ክፍል ስም መጥራት ራሱ ከክፍለ ጊዜው ጥሩ ደቂቃዎችን ይበላል፤ ስለዚህ አንዳንዱ መምህር ሥራውን ለክፍል አለቃው ይተወዋል። የክፍል አለቃ ደግሞ ጓደኛ አለው። ከኋላ ወንበር ለሌላው «አቤት» የሚል ድምፅም አይጠፋም። መመዘኛው በአንደኛ ደረጃ 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ በአንድ ክፍል የሚለው ለትምህርት ጥራት ተብሎ የወጣ ነው፤ ግን ለስም ጥሪውም ያን ያህል ይጠቅማል።

ቀሪው የሚበዛበት ጊዜ በደጋው የታወቀ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ስንዴውና ጤፉ ሲደርስ እጅ ሁሉ ይፈለጋል። በጮቄ ተራራ ሥር ባሉ ቀበሌዎች ገብሱና ድንቹ የራሱ ወቅት አለው። የገበያ ቀንም አለ፤ በስናኗ ሮብ ገበያ ገበያው የከተማዋ ስም እስከመሆን ደርሷል፤ ገበያ በዋለበት ቀን ቤት የሚጠብቅ፣ ከብት የሚያግድ ወይም ሸክም የሚያግዝ ልጅ ክፍል ውስጥ አይገኝም። ከብት ጥበቃው ብዙ ጊዜ በወንድማማች መካከል በተራ ይያዛል፤ ዛሬ ታላቁ ይማራል፣ ነገ ታናሹ። ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነ አንዱ ጠዋት ሌላው ከሰዓት እየሄደ ሁለቱም ሳይቀሩ ይከርማሉ። በመስከረም መጀመሪያ ደግሞ ጨሞጋና ሌሎቹ ወንዞች ገና አልጎደሉም፤ ማዶ ያለ ልጅ ድልድይ ከሌለው ውኃው እስኪቀንስ ይጠብቃል። እነዚህ ሁሉ በስም መጥሪያው ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ናቸው። ወቅቱን የሚያውቅ ርዕሰ መምህር ግን የኅዳርን ቀሪና የየካቲትን ቀሪ እኩል አያየውም፤ በኅዳር የቀረ ልጅ እህል ሲገባ ይመለሳል፣ በየካቲት የቀረ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ከተማ ሥራ ፍለጋ የሄደ ወይም የተዳረች ልጅ ነው።

ከክፍል የወጣው ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል። ርዕሰ መምህሩ የትምህርት ሚኒስቴርን ዓመታዊ መጠይቅ ይሞላል፤ በክፍል፣ በዕድሜ፣ በጾታ፣ አካል ጉዳት ያለባቸውን ለይቶ፣ አዲስ ገቢውን ከደጋሚው ለይቶ። መጠይቁ በጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር በኩል አልፎ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይደርሳል፤ ከወረዳ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ የምሥራቅ ጎጃም ዞን ትምህርት መምሪያ፤ ከዞን ወደ ባሕር ዳር፣ የክልሉ ትምህርት ቢሮ፤ ከዚያ አዲስ አበባ። ሚኒስቴሩ በየዓመቱ የሚያሳትመው የትምህርት ስታትስቲክስ መድበል የሚዘጋጀው በዚህ ሰንሰለት ከመጣው ቁጥር ነው። መጠይቁ የሚሞላው ምዝገባው ረግቶ ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ በመሆኑ የሚያሳየው የተመዘገበውን ነው። በሰኔ ፈተና ላይ የተቀመጠውን ለማወቅ ሌላ ቁጥር ያስፈልጋል።

ያ ሌላ ቁጥር የማቋረጥ መጠን ነው፤ የሚሰላበት መንገድም አንባቢ ከሚገምተው ይለያል። አምና 3ኛ ክፍል ከነበሩት ውስጥ ዘንድሮ 4ኛ የገቡትና 3ኛን የደገሙት ይደመራሉ፤ የቀሩት አቋረጡ ይባላል። ስለዚህ የአንድን ዓመት ማቋረጥ ለማወቅ የሁለት ዓመት መረጃ ይጠይቃል። ሰኔ ላይ መሸኛ ሳይወስድ ከስናን ወደ ደብረ ማርቆስ አክስቱ ቤት የገባ ልጅ በስናን መዝገብ አቋራጭ ነው፤ በደብረ ማርቆስ መዝገብ አዲስ ገቢ ነው። አንዱ ልጅ ሁለት ሰው ሆኗል። መሸኛ የምትባለው አንዲት ገጽ ወረቀት ከወላጅ ብዙ ምልልስ ስለምትጠይቅ ብቻ ትናቃለች እንጂ፣ የማቋረጥን ቁጥር ያን ያህል የምታስተካክል ሌላ ወረቀት የለችም።

የተሳትፎ ምጣኔውም የራሱ ችግር አለው። ጥቅል ተሳትፎ ማለት በአንድ እርከን የተመዘገቡት ሁሉ፣ ዕድሜያቸው ምንም ይሁን፣ ለዚያ እርከን በዕድሜ ለደረሱት ልጆች ሲካፈል ነው፤ ዘግይተው የገቡና ደጋሚዎች ስለሚቆጠሩ ከ100 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ንጥር ተሳትፎ በትክክለኛ ዕድሜያቸው የገቡትን ብቻ ይወስዳል። ለሁለቱም አካፋዩ የሕዝብ ብዛት ነው፤ የሕዝብ ብዛቱ ደግሞ ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የመጣ ትንበያ ነው። በዚያ ቆጠራ ምሥራቅ ጎጃም 2,153,937 ሕዝብ፣ ደብረ ማርቆስ ከተማ 62,497 ሕዝብ ነበራቸው። ቀጣዩ ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዝሟል። በመሀል ዩኒቨርሲቲዋ ያደገባትና ከገጠር ብዙ ሰው የገባባት ከተማ ተሳትፎዋ በጣም የተጋነነ፣ ሰው የለቀቃት ወረዳ ደግሞ የወደቀች መስላ ልትታይ ትችላለች፤ የክፍሎቹ ይዞታ ግን እንደዚያ ላይሆን ይችላል። ዕድሜም ቢሆን በግምት ነው የሚጻፈው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገሪቱ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ አሁን በላይኛው ክፍል ያሉት አብዛኞቹ የገጠር ልጆች የልደት ማስረጃ ሳይይዙ ነው የተመዘገቡት፤ ዓመቱን የሚናገረው አባት «በዚያ ክረምት» ብሎ ነው።

ቁጥሩ የሚዛባበት ዋናው ምክንያት ግን ስሌት አይደለም። በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ለትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረው ድጎማ የሚታሰበው በተማሪ ቁጥር ነበር። መጻሕፍትና የመምህር ምደባም በተማሪ ቁጥር ይሠራሉ። ስለዚህ በመስከረም ምዝገባ ላይ ቁጥር ከፍ እንዲል የሚገፋ ምክንያት አለ። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ማቋረጥ ዝቅ እንዲል የሚገፋ አለ፤ ርዕሰ መምህሩም፣ ወረዳውም የሚገመገሙት በማቋረጥ መጠን ነውና። በሁለቱ መካከል የጠፋ ልጅ ሁለቱንም ወገን አያስደስትም፤ ስሙ በስም መጥሪያው ላይ እስከ ሰኔ ቢቆይ የሚቀየመው ማንም የለም። መድኃኒቱ ሁሉም የሚያውቀው ነው፦ ሱፐርቫይዘሩ ሳያስታውቅ መጥቶ ክፍል ውስጥ ያሉትን ራስ በራስ መቁጠርና ከስም መጥሪያው ጋር ማስተያየት። በጎዛምን ወረዳ ከዋናው መንገድ ዳር ላለ ትምህርት ቤት ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በጮቄ ወገብ ላይ ላለው ግን የአንድ ቀን የእግር መንገድና አበል ይጠይቃል። በመሆኑም ብዙ ጊዜ የሚቆጠሩት ለመቁጠር የሚቀርቡት ናቸው። ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት የተቋቋመው በከፊል ይህን ክፍተት እንዲሞላ ነበር፤ በቀበሌው ማን ልጁን እንዳስቀረ ከሱፐርቫይዘሩ ይልቅ ጎረቤት ያውቃል፤ ግን ጎረቤትን መክሰስ ቀላል አይደለም።

ይህ ሁሉ የማይደርስበት አንድ ቆጠራ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና የሚሰጠው በአብዛኛው ተማሪዎቹ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እያደሩ ነው። የተማሪው ቤትና ትምህርት ቤቱ በቀሩበት፣ ስልክ በተከለከለበት፣ ምግብና መኝታ ዩኒቨርሲቲው በሚያቀርብበት በዚህ አሠራር፣ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ለቀናት የወጣቶች ካምፕ ይሆናል። በስም ካምፕ አይባልም እንጂ በአገሪቱ ታሪክ ይህን ያህል ወጣት በአንድ ጊዜ ከቤት ወጥቶ ያደረበት ጊዜ ጥቂት ነው። በመጀመሪያው ዙር 896,520 ተማሪዎች ተፈተኑ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለ ውጤቱ ብዙ ተብሏል። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን የቁጥሩ ጥራት ነው። የመጣው፣ የቀረው፣ አቋርጦ የወጣው በአንድ ተማሪ ደረጃ ይታወቃል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ስም ከመፈተኛ ካርድና ከፎቶ ጋር ታስሯል፣ ቁጥሩ ቢበዛም ቢያንስም ቆጣሪው የሚያገኘው ጥቅም የለም።

ከዚያ በፊት መንግሥት ወጣቶችን በካምፕ መልክ ያሰባሰበበት አንዱ ትልቅ አጋጣሚ የእድገት በኅብረት፣ የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ነው። ዘመቻው ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲከፈት ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ጣቢያ ተመደቡ። ተሳትፎው ግዴታ ነበር፤ ያልዘመተ ትምህርቱን መቀጠልም ሥራ መያዝም እንዳይችል ታውጆ ነበር። በዚያ ዘመን የስም ጥሪ ማለት የወደፊት ዕጣ ማለት ነበር። እንዲያም ሆኖ ከጣቢያቸው የጠፉ ብዙዎች ነበሩ፤ ማስገደድ ስምን መዝገብ ላይ ያቆያል እንጂ ሰውየውን አያቆይም።

የዛሬው የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የዚህ ተቃራኒ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከዩኒቨርሲቲ የተመለሱ ወጣቶች ለታናናሾቻቸው የማጠናከሪያ ትምህርት ያስተምራሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ይጠግናሉ። ሪፖርቱ የሚቀርበው በተሳታፊዎች ብዛት፣ በተጠቃሚዎች ብዛትና «ከመንግሥትና ከሕዝብ ሊወጣ የነበረ ይህን ያህል ብር ማዳን ተችሏል» በሚለው የታወቀ ዓረፍተ ነገር ነው። ብሩን ያሰላው ሰው ስም ጥሪ ይዞ አልነበረም። ጠዋት ችግኝ የተከለ፣ ከሰዓት ያስጠና፣ ቅዳሜ ደም የለገሰ አንድ ወጣት በሦስቱም ረድፍ ስለሚገባ ሦስት ሰው ሆኖ ይወጣል። ሥራው እውነተኛ ነው፤ የጣሪያ ቆርቆሮው ይታያል፤ ቁጥሩን ግን ከዓመት ዓመት ማወዳደር አይቻልም።

ፈቃድም ስም ጥሪም ያልደረሰበት፣ ግን ከሁሉም የቆየው የልጆች ስብስብ የአብነት ትምህርት ቤት ነው። ጎጃም በዚህ የምትታወቅ ናት፤ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡ ለማርያም፣ ለቅኔ ደግሞ ዋሸራና ጎንጅ። በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቀው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱትና በኋላ የትምህርት ሚኒስትር እስከመሆን የደረሱት ሐዲስ አለማየሁ ትምህርታቸውን የጀመሩት በዚህ መንገድ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር»ም የቅኔ ተማሪውን ሕይወት ለአገር አሳውቋል። የቆሎ ተማሪው ገና በልጅነቱ ከቤቱ ወጥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከመምህሩ ደጅ ጎጆ ቀልሶ ይኖራል። ምግቡ ከሰው ደጅ ነው። የሚያውቀው የኔታ ነው፤ የኔታም የሚያውቁት በስሙ፣ በአገሩና በደረሰበት ትምህርት ነው። ማንም ሳይፈቅድለት ይመጣል፤ ቅኔው ሲሞላለት ወይም ሌላ መምህር ሲሰማ ተነሥቶ ይሄዳል። በዓለማዊው ቢሮ ቋንቋ ከተሄደ፣ ይህ ልጆች የሚያድሩበት ያለ ሥራ ፈቃድ የሚሠራ ተቋም ነው።

እንዲህ ብሎ መደምደሙ ግን ጉዳዩን ማቅለል ይሆናል። የአብነት ትምህርት ቤት ለዘመናት የቆመው ስም ጥሪው በመምህሩ ጭንቅላት ስለነበረና ሕዝቡ ቁራሽ እንጀራውን እየሰጠ ስለመሰከረለት ነው። ቅኔ ያልተቀበለ ተማሪ ሲጠፋ የኔታ በማግሥቱ ያውቃሉ፤ ስድሳ ተማሪ የያዘ የክፍል ኃላፊ ግን ሳምንት ሊፈጅበት ይችላል። ድክመቱ የሚታየው በሌላ በኩል ነው። በተጨናነቁ ጎጆዎች ውስጥ በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ በሽታ የቆሎ ተማሪዎችን ደጋግሞ አጥቅቷል፤ የጤና ሠራተኛው የት ስንት ልጅ እንዳለ የሚያውቅበት ዝርዝር ከሌለው የሚደርሰው ከታመሙ በኋላ ነው። የኔታ ሲያርፉም መዝገቡ አብሮ ይቀበራል። ወላጁ ሩቅ የሆነ ልጅ ጎርፍ ቢወስደው ወይም በሽታ ቢጥለው፣ ወሬው ቤት የሚደርሰው መንገደኛ ሲገኝ ነው። ለእነዚህ ልጆች የሚያስፈልገው ቀላል ነገር ነው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የመጡበት ወረዳና የወላጅ ስም የሰፈረበት አንድ ደብተር፣ ቅጂው በደብሩ ሰበካ ጉባኤ የሚቀመጥ። ለዚህ ከወረዳ ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም፤ መደበኛ ፈቃድ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ተነጋግረው ካልሆነ ደግሞ ከጥቅሙ ጥርጣሬው ይበልጣል። በክረምት ፊደልና ዳዊት ለመማር፣ በፍልሰታም ለመቁረብ ለሚጎርፉት የሰፈር ልጆች ግን ሁኔታው ሌላ ነው፤ ማታ ቤታቸው ይገባሉ፤ ወላጃቸው ራሱ ስም ጠሪ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተስፋፋው ግጭት ይህን ሥርዓት በሙሉ ፈትኖታል። በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ መሆናቸው በ2017 ዓ.ም. ተገልጿል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ አንዳንዶቹ ተጎድተዋል፤ በከተማና በዋና መንገድ ዳር ያሉት በአንጻሩ ከየቦታው በመጡ ልጆች ተጨናንቀዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሪፖርት ሥራ አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ዜሮና ባዶ አንድ አይደሉም። የተዘጋ ትምህርት ቤት መጠይቁን ካልላከ ረድፉ ባዶ ነው፤ ባዶውን ዜሮ አድርጎ መደመር የክልሉን ተሳትፎ ከእውነቱ በላይ ያወርደዋል፣ ትቶ ማካፈል ደግሞ የተከፈቱትን ብቻ ቆጥሮ ሁሉ ደኅና እንደሆነ ያስመስላል። በትግራይ ጦርነት ዓመታት የዚያ ክልል መረጃ ከብሔራዊው መድበል በቀረበት ጊዜ ይኸው ችግር ታይቷል፤ አገር አቀፍ የተባለው አማካይ አንድ ክልል የጎደለው ነበር። ስለዚህ በመጠይቁ ላይ ትምህርት ቤቱ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተዘጋ፣ ተማሪዎቹ የት እንደሄዱ የሚጠይቅ ረድፍ ያስፈልጋል፤ ያንን መሙላት የሚችለው ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም በቀበሌው የቀረ አንድ መምህር ወይም የወላጅ ኅብረት አባል ነው። ሁለትና ሦስት ዓመት አቋርጦ የሚመለስ ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደሚገባ የሚወሰነውም በውጤት መዝገቡ፣ ማለትም በሮስተሩ ነው። ሮስተሩ ከተረፈ ልጁ ያቆመበት ክፍል ይታወቃል፤ ከጠፋ የመግቢያ ፈተና ይሰጠዋል ወይም መምህሩ በሚያስታውሰው ይመደባል። በዚህ የተነሳ ትምህርት ቤታቸው ሊጎዳ ይችላል ብለው የሰጉ ርዕሰ መምህራን አስቀድመው ማሸሽ ያለባቸው ወንበሩን ሳይሆን የሮስተሩን ሳጥን ነው፤ ወንበር በድጎማ ይገዛል።